ኦሪጅናል ዕቃው የታለ? ያገለገለ ኤቲቪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገዙ

ድምፁ ነው የሸጠልኝ። ሰውዬው የጋራዡን በር ወደ ላይ ገፋ፣ ቁልፉን አዞረ፣ አንዴ ነዳጅ ሰጠው፣ በቃ፣ አለቀልኝ። ቀይ ቀለም፣ ጥቁር ቸርኬ፣ የሚያብለጨልጭ ማርሚታ፣ ሰፋ ብሎ መሬት ላይ የተንፈላሰሰ አቋም። ዋጋ እንኳን በወጉ አልተከራከርኩም። እኔ፣ መርካቶ ለአንድ ጥንድ ጫማ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የምገዛው ሰው!

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለጠየቁኝ ነው። "ዕቃ ተቀያይሮለት የተሠራውን ልግዛ ወይስ ፋብሪካ እንዳወጣው ያለውን?" ለመጀመሪያው በስልክ አንድ ሰዓት አወራሁለት። ለሁለተኛው መድገም ሰለቸኝ። ጽፌው ልገላገል።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚህ ተራራው ቅርብ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ግማሹ ሕዝብ የሆነ ነገር ተጎታች ላይ ጭኖ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኤቲቪ ላይ አስቀመጠኝና አንድ ቀን በጥድ መሀል ይዞኝ ዞረ። ኤቲቪ ማለት ያው ባለ አራት ጎማዋ ሞተር ሳይክል ናት፣ ዱባይ ሠርቶ የመጣ ሰው በረሃው ላይ ያውቃታል። ማታ ቤት ስገባ ጥርሴ ሁሉ አቧራ ነበር። በሳምንቱ ያገለገለ መፈለግ ጀመርኩ። በጀቴ 3,000 ዶላር።

በአንድ ቅዳሜ ሁለት አየሁ።

የመጀመሪያው ከግሪሊ ወደ ሰሜን፣ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበር። የ2009 ሆንዳ ራንቸር 420። የላስቲክ ሽፋኑ በፀሐይ ነጥቷል፣ ወንበሩ ተቀዶ በፕላስተር ተጣብቋል፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ የሣር ገመድ ታስሮበታል። ሽማግሌው አንድ ያረጀ ፖስታ አመጡ። ውስጡ የዘይትና የፊልተር ደረሰኞች፣ ከነሱ ጋር ከፋብሪካው የመጣው መመሪያ መጽሐፍ። 2,900 አሉ። ለጓደኛዬ በአማርኛ "ይሄ አህያ ነው፣ እኔ የምፈልገው ፈረስ ነው" አልኩት። አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛው ያ ድምፅ ነው። የ2006 ሆንዳ 400ኢኤክስ። ስፖርት የሚሉት ዓይነት፣ ኋላ ጎማውን ብቻ በሰንሰለት የሚነዳ፣ ፍሪሲዮን ያለው፣ ቀላልና ፈጣን። ባለቤቱ ከሂውስተን በቅርቡ የመጣ ወጣት ነው። 2,800 አለ። "ከ2,000 ዶላር በላይ ዕቃ ገብቶበታል" ብሎ በስልኩ ደረሰኞች አሳየኝ። ሞተሩ 440 ኪት ገብቶለታል፣ ፒስተኑ ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ፣ ማለትም ነዳጅና አየሩን ይበልጥ የሚጨምቅ ነው፣ ማርሚታው ተቀይሯል፣ የአየር ማጣሪያው ሳጥን ክዳን ተነስቷል፣ የፊት ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች በረዘሙ ተተክተዋል። እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ በነፃ የተጨመረልኝ ነው የመሰለኝ። አገር ቤት የመኪና ማስታወቂያ ላይ "ሞተር ያልተነካ" ብለው የሚጽፉት ለምን እንደሆነ በዚያች ሰዓት አልመጣልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ቃል ነው፣ ዶላር ስይዝ ረሳሁት።

440 ኪት ምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ፒስተኑ 85 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ መጠኑ 397 ሲሲ ነው። ሲሊንደሩን ፍቀው 89 ሚሊ ሜትር ፒስተን ሲከቱበት ወደ 435 ሲሲ ያድጋል፣ የገበያ ስሙ ግን 440 ነው። ጉልበት ይጨምራል፣ እውነት ነው። ፍቆ የገጠመው ማን ነው፣ በምን ልክ፣ ስንት ሰዓት ተነድቷል የሚለውን ግን ደረሰኙ አይነግርህም። ደረሰኝ ዕቃው መገዛቱን እንጂ በትክክል መገጠሙን አይመሰክርም።

ችግሩ በሁለተኛው ሳምንት ጀመረ። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል አልነሳም ይላል። ሲነሳ ጥቁር ጭስ። ከ2,500 ሜትር በላይ ስንወጣ ይንቀጠቀጥና ይሞታል። ካንዴላውን ስፈታው እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ አዲስ ስከት ሁለት ቀን ሠርቶ መልሶ ያው። ሦስት ካንዴላ እንደዚህ ጨረስኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፍ ጄት የሚሏት ቁራጭ ነሐስ አለች፣ መሀሏ ቀዳዳ ያላት። ቀዳዳዋ የምትለካው ሞተሩ በሚስበው አየር ልክ ነው። ሂውስተን ባሕሩ አጠገብ ያለች ረባዳ ከተማ ናት፣ አየሩ ወፍራም ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ተራራው ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። አየሩ ሲሳሳ ያችው ቀዳዳ የምትሰጠው ነዳጅ ይበዛል፣ ሞተሩ ይታነቃል። (አዲስ አበባ ከዴንቨር በከፍታ እንደምትበልጥ አውቃለሁ፣ ጓደኞቼን በዚህ ስንት ጊዜ ጉራ ነዝቼባቸዋለሁ። ካርቡሬተር ግን ጉራ አይገባውም።) ራንቸሩ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ያ ማሽን ነዳጅ የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ ስለሆነ ከፍታውን ራሱ አይቶ ያስተካክላል። አህያ ያልኩት!

እሺ፣ ጄት ቀይር እንበል። ርካሽ ዕቃ ነው። ግን ስንት ቁጥር? ሞተሩ ኦሪጅናል ቢሆን መመሪያ መጽሐፉ ላይ ለከፍታ ቦታ የሚሆነው ተጽፎ ታገኛላችሁ። የኔው ግን ሲሊንደሩም፣ ማርሚታውም፣ አየር ማስገቢያውም ተቀይሯል። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሌላ ሞተር ሆነ። ለጀማሪ ትልቁ ኪሳራ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከገንዘቡም በላይ። ያልተነካ ማሽን ስትገዙ ፋብሪካው የጻፈው አስተማሪ አብሮት ይመጣል። የዘይቱ መጠን፣ የባልቦላው ክፍተት፣ የካንዴላው ቁጥር፣ የነዳጁ ዓይነት፣ ሁሉም ተለክቶ ተጽፏል። የተነካካ ስትገዙ አስተማሪው ከቤት ወጥቶ ሄዷል፣ የሚያውቀው የነካው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ በፊት የነበረው ሻጭ ነው።

ሁለት ጥገና ቤት ደወልኩ። አንዱ የማሽኑን ዓመትና የተገጠመበትን ሲሰማ "እንዲህ ያለ አንነካም" አለኝ። ሌላው በሰዓት የሚያስከፍለውን ነግሮኝ "ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ግን ቃል አልገባም" አለ። በመጨረሻ አንድ መኪና የሚሠሩ አበሻ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። ያኔ ዕድሜያቸው ስድሳ አልፏል፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ነበራቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ካሙ ተቀይሯል?" አሉኝ።

"አላውቅም ጋሼ።" (ካም ባልቦላውን የሚከፍተው ዘንግ መሆኑን እንኳን ያኔ አላውቅም።)

"ባልቦላው በስንት ይለቀቅ?"

"አላውቅም።"

"ፒስተኑ የማን ሥራ ነው?"

ዝም አልኩ።

"እንግዲህ እኔም እንዳንተው አላውቅም" አሉና ካቻቢቴያቸውን አነሱ።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀባቸው። ጄት በሙከራ፣ አንዱን አውጥተው አንዱን ከተው፣ ካንዴላውን እያዩ። የሲሊንደር ራሱ ጓርኒሲዮን ጎን ላይ ዘይት ያረጥብ ነበር፣ ከዳር ዳር ሲሊኮን ተቀብቶበታል። ጋሼ ሲሊኮኑን በጥፍራቸው ፋቁና ምንም አልተናገሩም። ያ ዝምታ ከስድብ ይከፋል።

ሌላም አለ። እዚህ ኮሎራዶ ተራው ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው (ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ነዳጁ ሲጨመቅ ቶሎ አይፈነዳም)፣ ሌላው ግዛት በብዛት 87 ነው የሚሸጠው። እኔ ከመኪናዬ ጋር አንድ ላይ ተራውን እሞላለሁ። ኮምፕሬሽኑ ከፍ ያለ ፒስተን ያንን አይወድም። ዳገት ላይ ጭነት ሲሰማው ሞተሩ ውስጥ ጠጠር በቆርቆሮ የሚናጥ የመሰለ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ እኔ ሰንሰለት ነው ብዬ ሰንሰለት አጠበቅሁ። ነዳጁ ጊዜው ሳይደርስ እየፈነዳ ፒስተኑን እየመታው ነበር። ፕሪሚየሙን፣ 91ዱን ስሞላ ቆመ። ሻጩ "ጥሩ ነዳጅ ስጠው" ብሎኝ ነበር፣ እኔ ፍቅሩን የገለጸልኝ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ደግሞ ያ የሸጠልኝ ድምፅ። በሐምሌ አንድ መሄጃ መንገድ መግቢያ ላይ ጠባቂ የድምፅ መለኪያ ይዞ ቆሟል። በኮሎራዶ ሕግ ከ1998 ወዲህ የተሠራ ከመንገድ ውጪ የሚነዳ ማሽን ከ96 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም፣ ከዚያ በፊት ለተሠሩት 99 ነው። የኔን ለመለካት መለኪያው ራሱ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከዚያ ማርሚታውን ጎንበስ ብሎ አየና እሳት መከላከያው ወጥቷል አለኝ። ይህ ማርሚታው ጫፍ ላይ ፍንጣሪ እንዳይወጣ የሚይዝ ወንፊት ነው፣ በብሔራዊ ደን ውስጥ ግዴታ ነው። ሰዎች ድምፅ ለመጨመር አውጥተው ይጥሉታል። በደረቅ በጋ ጥድ መሀል ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው። መልሶ ላከኝ፣ ልክም ነበር። ተጎታቹ ላይ መልሼ ስጭን ልጆች ቆመው ያዩኝ ነበር።

ስለ ስፋቱም ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ይህን አያስብም። ሴዳሊያ አጠገብ ያለው ራምፓርት ሬንጅ ላይ እንዳሉት ዓይነት ብዙ መንገዶች ለ50 ኢንች ማሽን የተቀረጹ ናቸው። ኦሪጅናል ስፖርት ኤቲቪ (ኳድም ይሉታል) ከዚያ በደንብ ይጠባል። የረዘሙ ክንዶች፣ ሰፊ አክስል፣ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ስፔሰር ሲደራረቡ ግን ያልፋል። የኔ በሜትር ሲለካ 51 ኢንች ተኩል ወጣ። ለውድድር ሜዳ ጥሩ ነው፣ ጥምዝ ላይ በቀላሉ አይገለበጥም። በሁለት ጥድ መሀል ግን አንድ ኢንች ተኩል ማለት ጉልበትህ ማለት ነው።

በመስከረም በ1,900 ሸጥኩት። ጥገና፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ለጋሼ በግድ ኪሳቸው የከተትኩት፣ ተደምሮ 640 ዶላር ወጥቶበታል። ሒሳቡን ለራሳችሁ ሥሩት፣ እኔ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ደግሞ ሻጩ ያሳየኝ የ2,000 ዶላር ደረሰኝ ስሸጥ አንድ ሳንቲም አላመጣልኝም። የገባበት ዕቃ ለሻጭ ሳይሆን ለነጂው ነው የሚከፍለው። "ይህን ያህል አውጥቼበታለሁ" የሚላችሁ ሰው የተዝናናበትን ገንዘብ እናንተ እንድትመልሱለት ነው የሚፈልገው።

ግን ልክ ልናገር። የገዛኝ ልጅ መካኒክ ነው። አሥር ደቂቃ አየው። እኔ መልስ የሌለኝን ጥያቄዎች፣ ጋሼ የጠየቁኝን ራሱን ጠየቀ፣ ባልቦላውን ከፍቶ እንደሚያይ፣ ፒስተኑን እንደሚለካ ነገረኝ። ዋጋ ያስቀነሰኝም በዚሁ ነው። እስካሁን ይነዳዋል፣ ደስተኛ ነው። ማሽኑ መጥፎ አልነበረም። ሆንዳ 400ኢኤክስ ከ1999 ጀምሮ የተሠራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቀላልና ጠንካራ ሞተር ነው፣ ያልተነካ ብታገኙ ለጀማሪ ከሚሆኑት ስፖርቶች አንዱ እሱ ነው። እኔና እሱ ነን ያልተገናኘነው።

ታዲያ "ያልተነካ" የተባለ ሁሉ ያልተነካ ነው ወይ? አይደለም። ይህን ሁለተኛውን ስፈልግ ተማርኩት።

አንድ አራቱንም ጎማ የሚነዳ፣ 4 በ4 ማሽን አየሁ፣ የሌላ ፋብሪካ፣ "ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል" ተብሎ የተለጠፈ። ታጥቦ ያብረቀርቃል። በዚህ ጊዜ ጋሼ አብረውኝ ነበሩ። ሞተሩን ትተው ከመሪው አጠገብ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ነው በጣታቸው የዳሰሱት። ክብ ቀዳዳ ነበረበት፣ በጥቁር ክዳን የተደፈነ። እዚያ ስኖርክል ተገጥሞ ነበር ማለት ነው፣ ውኃና ጭቃ ውስጥ ሲገባ አየር ከላይ እንዲስብ የሚደረግለት ቱቦ። ሊሸጥ ሲል ነቅለውታል። የዲፈረንሻሉን ቡሎን ፈትተን ትንሽ ዘይት አወጣን፣ ሻይ በወተት መሰለ። ውኃ ገብቶበታል። ሻጩ ከኔ በላይ ደነገጠ፣ ምናልባት እውነቱን ነው፣ እሱም ገና ከአንድ ዓመት በፊት ነው የገዛው።

ስለዚህ የኔ ምክር "ኦሪጅናል ግዙ" ብቻ አይደለም። በደንብ የተያዘ የተሠራ ማሽን፣ ዘይት አይቶ ከማያውቅ ኦሪጅናል ይሻላል። ችግሩ እናንተ ገና ጀማሪ ስለሆናችሁ የትኛው በደንብ እንደተያዘ መለየት የምትችሉት ያልተነካው ላይ ነው። ኮምፕሬሽን መለኪያ ይዛችሁ ሄዳችሁ አንድ ቁጥር ብታገኙ፣ ያ ቁጥር ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚነግራችሁ ፋብሪካው የጻፈው ነው። ፒስተኑ ከተቀየረ በምን ታመሳክሩታላችሁ?

የተጨመረ ነገር ሁሉ ግን አያስፈራም። የፊት መከላከያ ብረት፣ ሆዱን ከድንጋይ የሚጠብቅ ሰሌዳ፣ ዊንች (ማሽኑ ሲቀረቀር በገመድ ስቦ የሚያወጣው)፣ እጅ መከላከያ፣ በዚያው መጠን የተቀየረ ጎማ፣ እነዚህ ተፈትተው የሚወጡ ናቸው፣ እንዲያውም በነፃ ካገኛችኋቸው ጥሩ። ዊንች ካለ ገመዱ ከባትሪው እንዴት እንደተሳበ እዩ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ሽቦ ካለ የሠራው ሰው ሌላውንም እንደዚያው ነው የሚሠራው። መሀል ላይ ያሉት ማርሚታና የአየር ሳጥን ናቸው። ሞተሩ ሳይከፈት የሚለወጡ ናቸው፣ ግን ሁለቱም ሲቀየሩ ነዳጁም አብሮ መስተካከል አለበት፣ ካልተስተካከለ ሞተሩ ወይ ይታነቃል ወይ ደርቆ ይግላል። እዚህ ላይ ነው ያቺን ጥያቄ የምትጠይቁት፦ ኦሪጅናል ዕቃው የታለ? ነገሩ የገባው ሰው አሮጌውን ማርሚታ፣ የሳጥኑን ክዳን፣ ጄቷን ሳይቀር በካርቶን አስቀምጦ ያወጣላችኋል። ያ ካርቶን ካለ ወደ መጽሐፉ መመለስ ትችላላችሁ። "ጣልኩት" ካለ ዋጋው ላይ ተከራከሩ፣ ወይ ተዉት። ሲሊንደሩ የተፈቀ፣ ፒስተንና ካም የተቀየረበት፣ ከፍ ተደርጎ ትልልቅ ጎማ የተጫነበት ከሆነ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ አይሁን። ከፍ የተደረገ 4 በ4 ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች ያለ አቅማቸው ይታጠፋሉ፣ መገጣጠሚያቸውን የሚሸፍነው ላስቲክ ይቀደዳል፣ በቀበቶ የሚሄድ ከሆነ ቀበቶው ይቃጠላል፣ ከሁሉም በላይ ቁመቱ ሲጨምር ለመገልበጥ ይቀርባል። ገና መንዳት የምትለማመዱ ሰዎች ናችሁ።

አሁን ማሽን ሳይ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከመሄዴ በፊት ለሻጩ "እባክህ ሳልደርስ አታስነሳው" እላለሁ። ስደርስ ሰላምታ ሳልጨርስ እጄ ሞተሩ ላይ ነው። ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ደክሞት የሚነሳ ሞተር ከሞቀ በኋላ ጤነኛ ይመስላል። ሲነሳ ጭሱን አያለሁ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይ የባልቦላ ጎማው አልቋል። ጥቁር የበዛ ነዳጅ ነው። ነጭ ሆኖ የማይጠፋ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነ ደግሞ ውኃው ወደ ውስጥ ገብቷል።

ከዚያ የአየር ማጣሪያውን እከፍትና ከማጣሪያው ኋላ ባለው ቱቦ ጣቴን አስገባለሁ። አሸዋ ከነካኝ ወደ መኪናዬ እመለሳለሁ። አቧራ ያለፈበት ሞተር ፒስተኑን በብርጭቆ ወረቀት እንደ ፈተገ ቁጠሩት። ይህች አንዲት ጣት ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ጠቅማኛለች።

ፊቱን በክሪክ አንስቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ አወዛውዛለሁ፣ ካንኳኳ ኩሽኔታው ወይ የክንዱ መገጣጠሚያ ነው። ሆዱ ስር ተኝቼ ቴላዮውን አያለሁ፣ አዲስ ቀለም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካለ ከስሩ ብየዳ ይኖራል። የሞተሩ ቡሎኖች ራሳቸው የተላጠ ከሆነ፣ ጓርኒሲዮኑ ዳር ሲሊኮን ካየሁ፣ ኦሪጅናል ነው የተባለው ተከፍቶ ያውቃል። መከፈቱ ኃጢአት አይደለም፣ መደበቁ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ቴላዮው ላይ የተመታው 17 ፊደልና ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አሥረኛው የተሠራበትን ዓመት ይናገራል፣ 6 ከሆነ 2006፣ 9 ከሆነ 2009፣ ቢ ከሆነ 2011። ተፍቆ ወይም ላዩ ላይ ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ ዋጋው ስንትም ይሁን ውጡ። የሽያጭ ውል ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ኮሎራዶ ላይ ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት የዓመቱን ተለጣፊ አውጡ፣ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው የሚያገለግለው፣ ስለዚህ የካቲት ላይ ገዝታችሁ አትቃጠሉ።

ለልጅ የምትገዙ ካላችሁ ይህን ብቻ ልበል። ለአዋቂ የተሠራው 16 ዓመት ላልሞላው አይደለም፣ ማሽኑ ላይ ራሱ ማስጠንቀቂያው ተለጥፏል። የልጆቹ ኳድ ላይ ደግሞ ነዳጅ መስጫው አጠገብ ፍጥነት የምትገድብ ብሎን አለች፣ ወላጅ እያላላ ወይ እያጠበቀ የሚወስንባት። ያገለገለ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀደም ብለው አውጥተዋታል። የልጅ ማሽን ላይ መነካካት ማለት ይህ ነው። መኖሯን ሳታዩ ልጁን አታስቀምጡ። ሄልሜት ስለማድረግ ለሐበሻ ወላጅ መናገር አያስፈልገኝም፣ ለአባትየው ግን ያስፈልገኛል።

እኔ በመጨረሻ ለግሪሊው ሽማግሌ ደወልኩ። በዚያው ሳምንት ነው የተሸጠው አሉኝ፣ ሳቅ እያሉ። ፕዌብሎ ድረስ ነድቼ የ2011 ራንቸር በ3,300 ገዛሁ። ከዋሻው የወጣ ድብ ይመስላል፣ ድምፁ እንደ ሣር ማጨጃ ነው። ዘይት ስቀይር መጽሐፉን ወንበሩ ላይ ዘርግቼ ገጹን በቅባት እጄ እገልጣለሁ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ባትሪ ብቻ ነው የቀየርኩለት። ስሙ አህያው ነው። ልጆቼም እንደዚያ ነው የሚጠሩት።

ባለፈው ቅዳሜ በስልክ አንድ ሰዓት ያወራሁለትን ልጅ ይዤ አንድ ስፖርት ኳድ ለማየት ሄድን። "ፈጽሞ ያልተነካ" ነው የተባለው። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፣ ቡና ልስጣችሁ አለ። እጄን ሞተሩ ላይ ሳሳርፍ ይፋጃል። "ጠዋት ትንሽ አሙቄው ነው፣ እንዳትደክሙ ብዬ" አለ። እንጠብቃለን አልነው። የፒክአፔ ኋላ ላይ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት ተኩል ቡናውን ጠጣን፣ ሰውዬው በየደቂቃው በመስኮት ያየናል። ሲቀዘቅዝ ሄደን ቁልፉን አዞርን። አጓራ፣ አጓራ፣ አልተነሳም። ደገምን። ባትሪው ደከመ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። "ግን ትናንት የላከልኝን ቪዲዮ ላሳይህ?" አለኝ፣ "ድምፁን ብትሰማው።"